የዜሮ ግማሽ

ስሟን የማልጠራት አንዲት ከተማ አለች። ረስቻት አይደለም። ነዋሪዎቿ ነገር ሲጻፍባቸው አይወዱም፣ እኔም እዚያው ነው የምኖረው። አለኸኝ እባላለሁ፤ ሥራዬ ጸሐፊነት ነው፤ በውሃ ቁጠባ ጽሕፈት ቤት መዝገብ እይዛለሁ። የምነግራችሁን ከማንም አልሰማሁትም። አብዛኛውን በገዛ እጄ፣ በጽሕፈት ቤቱ ቀለም፣ ቀኑን እየጠቀስኩ ጽፌዋለሁ።

ዝናብ ሁለት ክረምት ሙሉ ቀረ። በመጀመሪያው ክረምት ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ እያየ «ዛሬ ካልሆነ ነገ ነው» ይል ነበር። በሁለተኛው ማየቱንም ተወው። ከተማዋ የምትጠጣው ከኮረብታው ሥር ከሚፈልቅ አንድ ምንጭ ነው። ውሃው መጀመሪያ ትልቅ የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ከዚያ በቧንቧ ወደየሰፈሩ ቦኖ ይወርዳል፤ ትልልቅ ሰዎች ቤት ደግሞ ግቢ ድረስ ይገባል። የክንድ ያህል ይፈስ የነበረው ምንጭ የጣት ያህል ሲሆን የከተማው ሸንጎ ደነገጠና የእኛን ጽሕፈት ቤት አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራችን ግቢውን ማሳመር ነበር። ሣር ተከልን። ሣሩ ሥር እንዲይዝ ሦስት ሳምንት ጠዋትና ማታ ጠጣ። ያማረ ሣር ነበር፣ ሐሰት አልናገርም።

የምኖረው በእትዬ እንጉዳይ ግቢ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እትዬ እንጉዳይ ልብስ አጣቢ ናት። ውሃ እሷ እጅ ከገባ ቶሎ አይለቀቅም። ነጭ የታጠበበት ውሃ ባለ ቀለሙን ያጥባል፤ ባለ ቀለሙ የታጠበበት የሠራተኛ ቱታ ይዘፈዘፍበታል፤ ከዚያ ወለል ይወለወልበታል፤ የተረፈው ጓሮ ካለችው ዱባ ሥር ይፈሳል። ይህን ያደረገችው ድርቅ መጣ ብላ አይደለም። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው የኖረችው። ጎረቤቶቿ «እንጉዳይ ቤት ውሃ ጡረታ ሳይወጣ አይሞትም» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ጓዳዋ ውስጥ በወይራ ጭስ የታጠነ አንድ ትልቅ ጋን ነበር። ልጇ ትርንጎ የመጀመሪያዋን አርግዛለች፤ ባሏ ከብቶቹን ይዞ ውሃ ይገኛል ወደተባለበት ቆላ ወርዶ ገና አልተመለሰም። እትዬ እንጉዳይ ትርንጎ ካረገዘች ጊዜ ጀምሮ በየቀኑ ከምትቀዳው ላይ አንድ ጣሳ እየቀነሰች ጋኑ ውስጥ ትጨምራለች። «ይሄ የልጁ ነው» ትላለች፣ ክዳኑን እየገጠመች። ከትርንጎ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። የወለደችው በደረቅ ዓመት ነው። ንጹሕ ውሃ ጠፍቶ በኩሬ ውሃ ታጠበ፣ በስምንተኛ ቀኑም ቀበረችው። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ ስትነግረኝ ልብስ ማሸቷን አላቆመችም።

አዋጁ የወጣ ዕለት ሕዝቡ አደባባይ ተሰበሰበ። የጽሕፈት ቤቱ አለቃ ሊቀ ቁጠባ ይባላሉ። መልካም ሰው ናቸው፤ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም፣ ጥማት የሚባል ነገርም ደርሶባቸው አያውቅም። መድረኩ ላይ ፊት ለፊታቸው አምስት ጠርሙስ ውሃ ተደርድሮላቸዋል፤ ስለ ውሃ እጥረት ብዙ ሲናገሩ ጉሮሯቸው ይደርቃል።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «ፍትሕ ማለት እኩልነት ነው። ከእንግዲህ ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ እያንዳንዱ ቤት ከሚጠቀመው ውሃ ግማሹን ይተዋል። እኔም ግማሼን እተዋለሁ!»

ሰው አጨበጨበ። እኔም መዝገቤን ብብቴ ሥር ሸጉጬ አጨበጨብኩ።

«ግማሹን ለመተው ደግሞ ሙሉው መታወቅ አለበት። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሰባት ቀን የቆጠራ ሳምንት ይሆናል። አንድ ቤት በዚያ ሳምንት የቀዳው ውሃ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ ዝናብ እስኪጥል ድረስ የዚያን ግማሽ ያገኛል።»

ሕዝቡ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲያስብ አይቼ አላውቅም። ምን ሲያስብ እንደነበር ሰኞ ማለዳ ታወቀ።

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ የቦኖው ሰልፍ ሦስት መንገድ ተሻግሮ ነበር። ሰዎች ቀድተው ወሰዱ፣ ደፍተው ተመለሱ፣ ደግመው ቀዱ። ጣሪያ ታጠበ። አጥር ታጠበ። ቅመም ነጋዴው ከሱቁ ፊት ያለውን ድንጋይ ሁሉ አንድ በአንድ በሳሙና አጠበ። ጸጉር አስተካካዩ አንዱን ራስ ሦስት ሦስት ጊዜ እያጠበ «ትንሽ ታገሥ፣ ለሀገር ነው» ይል ነበር። አንድ ጡረተኛ መምህር ገና ላልገዛቸው ዳክዬዎች ኩሬ ቆፈረ፣ ሞላውም። ረቡዕ ዕለት በላይኛው ሰፈር የአንድ ሰው በሬ ማጥ ውስጥ ገብቶ በገመድ ተጎትቶ ወጣ። በድርቁ በሁለተኛው ዓመት ማለቴ ነው። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ሊቀ ቁጠባው ግቢያቸው ያለውን ቧንቧ ሰባቱን ቀን ክፍት ተዉት። ቀንም ሌሊትም ፈሰሰ። «ብዙ ካልተጠቀምኩ ብዙ መቆጠብ አልችልም» አሉኝ፤ ቆጣሪያቸውን ላነብ ስሄድ። ነገሩ እውነት ነው፣ እንዳለ ጻፍኩት።

እኔም ጻድቅ አልነበርኩም። በቀን ስምንት ጀሪካን ቀዳሁ። አንድ ላጤ ስምንት ጀሪካን ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ጠያቂው እኔው ነበርኩ።

እትዬ እንጉዳይ ግን እንደ ወትሮዋ ሁለት ቀዳች። ማክሰኞም ሁለት፣ ረቡዕም ሁለት። ሐሙስ ዕለት አላስችል አለኝና ቦኖው አጠገብ ያዝኳት።

«እትዬ እንጉዳይ፣ ቅጂ እንጂ! ቀድተሽ ድፊው፣ እኔ እጽፍልሻለሁ።»

«ምኑን ነው የምደፋው?»

«ውሃውን።»

«ውሃ ልድፋ?» ሕፃን ጣዪ ያልኳት ነው የመሰለችው። «አለኸኝ፣ ጤናም የለህ እንዴ? የሚደፋ ውሃ ካለ ድርቁ የታል?»

«ለሰባት ቀን ነው። አሁን ካልደፋሽ በኋላ አታገኚም። በሁለት ከተመዘገብሽ አንድ ነው የሚደርስሽ። ትርንጎ ደግሞ ቀኗ ደርሷል።»

«እንግዲህ ምን ላድርግ?»

ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ። «ሳትቀጂ አሥር ብዬ ልጻፍልሽ?»

ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። «በል ተወኝ! የልጅ ልጄን በሐሰት ውሃ አላጥብም።»

ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። እኔም በስሟ ፊት ሁለት ብዬ ጻፍኩ። በደንብ የተጻፈች፣ ያማረች ሁለት ነበረች።

እሑድ ማታ የድንጋዩ ገንዳ መሬቱ ታየ። ከተሠራ ጀምሮ መሬቱን ያየው ሰው አልነበረም። ከጭቃው ውስጥ የአንድ እግር ጫማ፣ ሁለት ቁልፍና የቀድሞው ከንቲባ ከዘራ ተገኘ። ሰኞ ዕለት አዋጁ ሥራ ላይ ዋለ። የመጀመሪያው ሪፖርት «የከተማው የውሃ ፍጆታ በአንድ ቀን በግማሽ ቀነሰ» ይላል። ለሸንጎው የላክነው እኛ ነን፤ ሸንጎው የምስጋና ደብዳቤ መለሰልን።

የቆጣቢዎች ስም ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አንደኛ ሊቀ ቁጠባው ወጡ። በቀን ከዘጠና ጀሪካን ወደ አርባ አምስት ወርደዋል፤ አርባ አምስት ጀሪካን ቆጥበዋል። ሁለተኛው ቅመም ነጋዴው ነው። ዳክዬ የሌለው መምህር አራተኛ ወጣ። የመጨረሻዋ እትዬ እንጉዳይ ናት፤ አንድ ብቻ ነው የቆጠበችው። ከስሟ ጎን በቀይ «ደካማ» ተብሎ ተጽፏል። ቀዩን እስክሪብቶ ያዋስኩት እኔ ነኝ።

በአንድ ጀሪካን ደግሞ ልብስ አይታጠብም። ደንበኞቿ ቆሻሻ ልብሳቸውን እየመለሱ ወሰዱ። ከነፍሰ ጡር ልጇ ጋር አንዷን ጀሪካን ለመጠጥና ለወጥ አብቃቅተው መኖር ጀመሩ። ጋኑን ግን አልነካችውም። ሊሞላ ሁለት ጣት ሲቀረው ነበር።

አሁን ስለ እጅ መታጠብ ልንገራችሁ፤ በዚያ አገር እንዲህ ያለ ልማድ አለ። ሹም የሰው ደጃፍ ከረገጠ እጁን ሳይታጠብ አይቀመጥም። የምታስታጥበው የቤቱ እመቤት ናት፤ ጆጉ ባዶ እስኪሆን ታፈሳለች፣ በመጨረሻም ገልብጣ ታራግፈዋለች። ውሃ የቀረበት ጆግ ወደ ጓዳ ከተመለሰ «ለአንተ ሰስቼ ነው» ማለት ነው። እንዲህ ተሰድበው ሥራ የለቀቁ ሹሞች አሉ።

ስለዚህ ቁጠባውን ለመቆጣጠር የተሰማራው ሰው ሁሉ መታጠብ ነበረበት። ጠዋት ጠብታ ቆጣሪው ይመጣል፤ ይታጠባል፣ እንስራውን ያያል፣ ይሄዳል። ረፋድ ላይ ጠብታ ቆጣሪው መምጣት አለመምጣቱን የሚያጣራው ይመጣል፤ ይታጠባል። ከሰዓት በኋላ የጥማት አስተማሪው ይመጣል፤ ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ ውሃ ያለአግባብ የሚባክንባቸውን መንገዶች ያስረዳል። አንድ ቀን እትዬ እንጉዳይ የታጠበበትን ውሃ ከሳፋው ወስዳ ለዱባዋ ልታፈስ ስትል የጥማት አስተማሪው ብድግ አለ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ለዱባዬ ነዋ፣ ወንድሜ።»

«ይሄ ውሃ እኮ አንዴ ተመዝግቧል! ሁለተኛ ከተጠቀምሽበት ያልተመዘገበ ውሃ ሆነ ማለት ነው። በይ ደጅ ድፊው፣ ስትደፊ ልይ።»

ደጅ ወጥታ ደፋችው። እሱም ቆሞ አይቶ ፈረመ። በዚያ ሳምንት ዱባዋ ጠወለገች።

አንዷ ጀሪካን በሦስት ሹም እጅ ላይ ስታልቅ የሚጠጣ ጠፋ። እትዬ እንጉዳይ ከጋኑ መቅዳት ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ክዳኑን ስትከፍት ከጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። ጣሳውን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ቀዳችና ጠብታ ቆጣሪውን አስታጠበችው። እሱ «ሽታው ደስ ይላል» አላት። በአሥር ቀን ጋኑ ወደ እኩሌታ ወረደ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ሊቀ ቁጠባው ዘንድ መጣች። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ። ሊቀ ቁጠባው ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት፤ ሰው ያከብራሉ።

«ምን ልርዳዎ፣ እናቴ?»

«ጌታዬ፣ ልጄ ዛሬ ነገ ትወልዳለች። ለሁለት ሳምንት አንድ ጀሪካን እንዲጨመርልኝ ነው።»

ሊቀ ቁጠባው ፋይሏን አስመጡ። ያመጣሁት እኔ ነኝ። መነጽራቸውን አድርገው ገለጡት።

«በቆጠራው ሳምንት የቀዱት በቀን ሁለት ነው። ለምን ሁለት ብቻ ሆነ?»

«እቆጥብ ነበራ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ሠላሳ ዓመት ይሆነኛል።»

ሊቀ ቁጠባው መነጽራቸውን አወለቁ። «እናቴ፣ አዋጁ የወጣው ባለፈው ወር ነው። እርስዎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ፈቃድ ሲቆጥቡ ኖረዋል።»

«ፈቃድ እንዳለው አላወቅሁም።»

«አየህ አለኸኝ፣ ችግሩ ይሄ ነው» አሉኝ፣ ወደ እኔ ዞረው። ወደ እሷ ተመለሱ። «ካባከነ ሰው ላይ መቀነስ ይቻላል፤ ለተቸገረም ሲያባክን ከነበረው ላይ መመለስ ይቻላል። እርስዎ ግን ምንም አላባከኑም። ከየት አምጥቼ ልመልስልዎ? በጊዜው ትንሽ ቢደፉ ኖሮ ዛሬ እናግዝዎት ነበር።»

እትዬ እንጉዳይ ወደ እኔ አየች። እኔ እስክሪብቶዬ ላይ አቀረቀርኩ። ሊቀ ቁጠባው ፋይሏን ሊዘጉ ሲሉ የመጨረሻው ገጽ ላይ ዓይናቸው አረፈ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ‹ጋን፣ አንድ፤ በጓዳ፤ ሊሞላ ሁለት ጣት የቀረው›?»

እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቆጠራው ሳምንት ቅጹ «በቤቱ ያለ የውሃ ማስቀመጫ» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ባዶውን ባልፈው የሚያጣራ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ክፍት ቦታ ያለው ቅጽ ሳይ እጄ አያርፍም፤ ሁለቱን ጣት እንኳ ሳልተው ነው የጻፍኩት።

«የልጅ ልጄ ነው» አለች እትዬ እንጉዳይ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«የልጅ ልጅዎ አልተወለደም አላሉም?»

«አልተወለደም።»

«ያልተወለደ ሰው ንብረት የለውም። እንግዲህ ይሄ ትርፍ ውሃ ነው። ካልተጠቀሙበት አያስፈልግዎትም፤ ከተጠቀሙበት ደግሞ ከግማሽዎ አለፉ። ሁለቱም እርስዎን ይጎዳዎታል። ብናነሣልዎ ይሻላል።»

በማግሥቱ አራት ሰዎች ጋኑን ሊወስዱ መጡ። መጀመሪያ እጃቸውን ታጠቡ፤ ከዚያው ከጋኑ ተቀድቶ። የቀረውን በባልዲ ገልብጠው ሲያበቁ «በሕዝብ ስም ተረክበናል» የሚል ወረቀት ፈርመው ሰጧት። እትዬ እንጉዳይ አንብባ ስታበቃ ወረቀቱን አጥፋ ባዶው ጋን ውስጥ ጣለችው፣ ክዳኑንም ገጠመች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። እኔን ግን ሳታየኝ አለፈች። ያን ቀን አፈር በበላሁ አልኩ።

ትርፉ ውሃ የሚሄደው ወደ ቁጠባ ሐውልት ነበር። ሸንጎው ካመሰገነን በኋላ ሊቀ ቁጠባው ለመጪው ትውልድ የሚተርፍ ነገር አሰቡና አደባባዩ መካከል ቧንቧ የሚዘጋ ግዙፍ የድንጋይ እጅ አስቀረጹ። መሐንዲሱ ሥዕሉን ካየ በኋላ አንድ ነገር አነሣ፤ ደረቅ ቧንቧ ሲዘጋ ተመልካች ምንም አይገባውም። ውሃ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ ከድንጋዩ ቧንቧ በሦስት መስመር እየፈሰሰ ሥር ያለው ገንዳ ውስጥ የሚወርድ ፏፏቴ ተሠራለት። እጁ ለዘላለም ሊዘጋ ሲል ይኖራል።

ምረቃው ቅዳሜ ረፋድ ነበር። ፏፏቴው ጉልበት እንዲያገኝ የየሰፈሩ ቦኖ በሙሉ ተዘጋ። ትርንጎም ምጥ የያዛት ያን ዕለት ጠዋት ነው። አዋላጇ አብራት ነበረች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጅቷ ተወለደች። አዋላጇ «ውሃ!» ብላ ተጣራች። እንስራው ውስጥ የነበረችውን ሁለት ጣሳ በማለዳ ጠብታ ቆጣሪው ታጥቦባታል፤ በዓል ስለነበር ቶሎ ነበር የመጣው።

እትዬ እንጉዳይ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወጣች። ቦኖው ዝግ ነው። በቅርብ ያለው ኩሬ የመምህሩ ነው፤ አረንጓዴ ሆኗል፣ ትንኝ ይፈላበታል። ጎረቤቶች እንደነገሩኝ ኩሬው አፋፍ ላይ ቆማ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ፊቷን አዞረችና ወደ አደባባዩ ሄደች።

እኔ መድረኩ ሥር መዝገቤን ይዤ ቆሜያለሁ። ሊቀ ቁጠባው «ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ በከንቱ አትፈስም!» ብለው ገመዱን ሳቡት። ፏፏቴው ወረደ። ሰው አጨበጨበ። ወዲያው ግን ጭብጨባው ላላ፤ ሰው አፍንጫውን ወደ ላይ እያደረገ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። አደባባዩ በሙሉ ወይራ ወይራ ይሸት ነበር።

እትዬ እንጉዳይ ሕዝቡን እየከፈለች መጣች። ነጠላዋ ላይ ደም ነበረበት። ማንንም ሳታይ ገንዳው ጋ ቆመች፣ በእፍኟ ጨለፈችና አሸተተች።

«የኔ ነው» አለች።

ጀሪካኗን ከፏፏቴው ሥር ደገነችው። የሐውልቱ ዘበኛ ሮጦ ደረሰ።

«አንቺ ሴትዮ! ከሐውልት ውሃ ይቀዳል እንዴ? ክልክል ነው!»

«ልጅ ተወልዷል» አለችው፣ ዓይኗን ከጀሪካኑ አፍ ሳታነሣ። «ከነደሟ ተኝታለች። ክልክል ከሆነ አንተው ሄደህ ንገራት።»

ዘበኛው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ወደ ሊቀ ቁጠባው አየ። ሊቀ ቁጠባውም እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፤ ወደ እኔ አዩ። «አለኸኝ፣ ደንቡ ምን ይላል?»

ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ። አንቀጽ አሥራ አራት ከሕዝብ ውሃ ያለ ፈቃድ መቅዳት ክልክል ነው ይላል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የደንቡን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ገለጥኩ። መግቢያውን አነበብኩ። ማውጫውን አነበብኩ። ጣቴን በምራቄ እያራስኩ አንድ አንድ ገጽ ገለጥኩ። በሕይወቴ ሥራ ያዘገየሁበት ቀን ያ ብቻ ነው። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ጀሪካኑ ሞላ። እትዬ እንጉዳይ አዘለችው። ስታልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

«ክቡር ሊቀ ቁጠባ፣» አልኩ፣ «ስለ ሐውልት የሚል ነገር አላገኘሁም።»

«ደንቡ ውስጥ እንዲገባ ይደረግ» አሉና ወደ ንግግራቸው ተመለሱ።

ልጅቷ በሞቀ ውሃ ታጠበች። ካፊያ ተባለች።

በስምንተኛው ቀን ሊቀ ቁጠባው ራሳቸው ጠብታ ቆጣሪውንና እኔን አስከትለው መጡ፤ አዲስ ነዋሪ መመዝገብ ነበረበት። እትዬ እንጉዳይ ያን ዕለት ጠዋት ከአልጋው አጠገብ አልተነሣችም ነበር፤ ስምንተኛው ቀን ለእሷ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሕፃኗ ግን ቀይ ሆና፣ ጠግባ፣ ተኝታለች። ስንገባ እትዬ እንጉዳይ ተነሣች፣ ሳፋና ጆግ ይዛ ቀረበች፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። ሊቀ ቁጠባው እጃቸውን ዘረጉ። እሷም ጆጉን አዘነበለች።

አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

እትዬ እንጉዳይ እንደ ወጉ ቀስ እያለች ማፍሰሷን ቀጠለች። ሊቀ ቁጠባው ወደ ጆጉ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። ውሃ የለም እንዳይሉ የውሃው አለቃ እሳቸው ናቸው። እጃቸውን አሹ። በጣቶቻቸው መካከል አሹ፣ አንጓቸውን አሹ። ስታበቃ ጆጉን ገልብጣ አራገፈች፣ ፎጣውን አቀበለች። ደረቅ እጃቸውን አደረቁና «ይባርክዎ» አሉ። ጠብታ ቆጣሪውም እንዲሁ ታጠበ። እኔ ላይ ስትደርስ እጄን ዘረጋሁ፣ ግን ማሸት አቃተኝ። ጆጉ እስኪራገፍ ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

ከዚያ ተቀመጥንና መዝገቡን ከፈትኩ።

«ስም?» አሉ ሊቀ ቁጠባው።

«ካፊያ።»

«በቆጠራው ሳምንት የተጠቀመችው?»

«አልተወለደችም ነበር» አልኩ።

«ስለዚህ ዜሮ። ጻፍ። ግማሹ ስንት ነው?»

ጠብታ ቆጣሪው በጣቶቹ ለማስላት ሞከረ። ትርንጎ ልጇን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገች። እትዬ እንጉዳይ ጆጉን እንደያዘች እኔን ታየኛለች።

«ዜሮ ነው» አልኩ።

ሊቀ ቁጠባው ፊታቸው በራ። በከተማው ታሪክ አንዲት ጠብታ እንኳ ያላባከነ ሰው አልተገኘም ነበር። የሐውልቱ ውሃ ደግሞ የትኛውም መዝገብ ላይ የለም፤ ስለ ሐውልት የሚል ነገር አልነበረምና። በሳምንቱ «የዓመቱ ቆጣቢ» የሚል በወርቅ ቀለም የተጻፈ የምስክር ወረቀት ለካፊያ ተሰጣት። ጽሑፉ የእኔ ነው። አሁንም ከአልጋው በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ሰው ይህችን ልጅ ታዲያ ምን እያጠጣችሁ አሳደጋችኋት ይለን ይሆናል። በቀን ስምንት ቀድቼ ስለነበር አራት ጀሪካን ይደርሰኛል። ሦስቱን ጎህ ሲቀድ ከእትዬ እንጉዳይ በር ላይ አስቀምጣለሁ። የራስን ድርሻ ለሌላ ማስተላለፍ በአንቀጽ ሃያ ክልክል ነው፤ ስለዚህ በመዝገቡ ላይ በስሜ ፊት «ለእጅ መታጠቢያ» ብዬ እጽፋለሁ። ጠብታ ቆጣሪው ሲያነበው «አቤት ንጽሕና!» ይለኛል።

ዝናብ እስካሁን አልጣለም። እትዬ እንጉዳይ ትንሽ ትንሽ ታናግረኛለች፤ ባለፈው ሳምንት ሸሚዜን አምጣ ብላ አጠበችልኝ። በመዝገቡ ከሄድን ከከተማው ሁሉ እጁን አብዝቶ የሚታጠብ ሰው እኔ ነኝ። እዚያ አገር ከደረሳችሁና ከጨበጥኳችሁ ግን ለእጄ እድፍ ይቅርታ አድርጉልኝ። ከዚያች የባዶ ጆግ ቀን ወዲህ ታጥቤው አላውቅም።